የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ የድሮው የውድድር መኪናና የዛሬው ስፖርት መኪና

በዚህ ሳምንት ከጎንደር የተደወሉ ሦስት ጥያቄዎች እነሆ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከአዘዞ፣ የሚኒባስ ሾፌር፦ «የ1955ቱ መርሴዲስ 300 ኤስኤልአር ከዛሬው ፖርሽ 911 ጂቲ3 ጋር ቢወዳደር ምን ያህል ይበለጣል?»

ወንድሜ፣ በጉልበት ያን ያህል አይበለጥም። መርሴዲሱ 300 ገደማ የፈረስ ጉልበት አለው፣ ፖርሹ 510። ግን አሮጌው 900 ኪሎ ገደማ ነው፤ አዲሱ 1,400 ያልፋል። ጉልበቱን ለክብደቱ ስታካፍለው ይቀራረባሉ።

የሚለያዩት ኩርባ ላይና ፍሬን ላይ ነው። ሊማሊሞን ቁልቁል የወረደ ሾፌር ነገሩን ያውቀዋል። ፍሬን ደጋግመህ ስትረግጥ ታምቡሩ ይግላል፣ ሸራው ይሸታል፣ ከዚያ ብትረግጥም መኪናው እሺ አይልህም። መርሴዲሱም ባለ ታምቡር ነበር። ተፎካካሪው ጃጓር ግን በ1953 ለማን (Le Mans) የሚባለውን የፈረንሳይ የ24 ሰዓት ውድድር በዲስክ ፍሬን አሸንፏል። ዲስክ ገላጣ ስለሆነ ነፋስ ያገኘዋል፣ ቶሎ ይበርዳል። ስለዚህ መርሴዲሶች በ1955ቱ የለማን ውድድር ላይ ከሾፌሩ ጀርባ ትልቅ ክዳን ገጠሙ። ክዳኑ ሲቆም ነፋሱ ራሱ መኪናውን ይይዘዋል!

በዚያው ዓመት እንግሊዛዊው ተወዳዳሪ ስተርሊንግ ሞስ በዚህ መኪና ሚሌ ሚሊያ የሚባለውን የጣሊያን ውድድር አሸነፈ። 1,600 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነውን ተራ የመኪና መንገድ 10 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ያህል ፈጅቶ ጨረሰው። የደህንነት ቀበቶ የለም። አጠገቡ የተቀመጠው ዴኒስ ጄንኪንሰን ኩርባዎቹን በጥቅል ወረቀት ጽፎ ይዟል። በሞተሩ ጩኸት መነጋገር ስለማይቻል በእጁ ምልክት ያሳየዋል። ለእኔ ከዚህ የሚበልጥ የሹፍርና ታሪክ የለም።

ከማራኪ፣ የአውቶ መካኒክ ተማሪ፦ «የጎንደር ከፍታ ጉልበታቸውን ይቀንሰዋል?»

በደንብ እንጂ። እዚህ ከ2,000 ሜትር በላይ ነን፤ አየሩ ከባሕር ጠረፉ በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ጂቲ3 ቱርቦ፣ ማለትም አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ፣ ስለሌለው 510ሩ ወደ 400 ይወርዳል። ኮምፒውተሩ ነዳጁን ይመጥናል እንጂ አየር አይፈጥርም። ካርቡራቶር ያለው የድሮ መኪና ደግሞ ካልተስተካከለ ነዳጅ ይበዛበታል። ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል።

ከፒያሳ፣ ጡረተኛ አባት፦ «ግቢዬ ውስጥ ለዓመታት የቆመ ቮልስ አለኝ። የፖርሽ ዘመድ ነው ይሉኛል፤ እውነት ነው?»

እውነት ነው፣ አባቴ። ቮልስን የነደፈው ፈርዲናንድ ፖርሽ ነው። በፖርሽ ኩባንያ ስም ለገበያ የወጣው የመጀመሪያው መኪና፣ ፖርሽ 356፣ ከቮልስ ብዙ ዕቃ ወስዷል። የዛሬው 911 ሞተርም እንደ እርስዎ ቮልስ ከኋላ ነው። በአየር መቀዝቀዙ ግን ቀርቶ ውሃ ገብቶለታል። ቮልሱን ማስነሳት ካሰቡ አሮጌውን ቤንዚን ያስቀዱት፣ ዘይቱንም ያስቀይሩት። ከዚያ ካንዴላዎቹን አስፈትተው ሞተሩን ቀስ ብለው በእጅ ያስዙሩት። ከዞረልዎ ይደውሉልኝ።