«በዘራቸው ነው» አትበሉን

ጤና ይስጥልኝ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ የሰፈሬ ልጆች።

ዛሬ መስከረም 11 የዓለም የአልዛይመር ቀን ነው። የእድራችን ዳኛ «ልጆቻችንን ባዮሎጂ ያስተማርሽ አንቺ ነሽ፣ ስለ መርሳት በሽታ ትንሽ ንገሪን» ብለውኝ ተዘጋጅቼ መጥቻለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን የመጣሁት አንድ ነገር ከሆዴ ላወጣ ነው።

እናቴን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ሰኞ ገበያ ከእሷ በርበሬ ያልገዛ እዚህ ድንኳን ውስጥ ያለ አይመስለኝም። አንድ ቀን ቡና አፈላች። አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን ጠጥተን፣ ተመራርቀን ጨረስን። ስኒዎቹን አጥባ ረከቦቱ ላይ ደረደረች። ከዚያ ምጣዱን መልሳ ጣደችና ጥሬ ቡና መልቀም ጀመረች። «እማዬ፣ አሁን ጠጣን እኮ» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። ጭሱ ገና ያልጠፋውን ማጨሻ አየች፣ እጇ ላይ ያለውን ቡና አየች። «ጎረቤት ሳልጠራ?» አለች። ጎረቤቶቹ አጠገቧ ተቀምጠዋል።

ማታውኑ ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ። «በዘራቸው ነው፣ እናቷም ጃጅታ ነው የሞተችው» ተባለ። የእህቴን ልጅ ለማጨት ሽማግሌ የላኩ ሰዎች ነገሩን ተዉት። ያቺ ልጅ ምን አጠፋች? ገና 23 ዓመቷ ነው! ከሁሉም ያንገበገበኝ ግን የወንድሜ ነገር ነው። ወሬውን አምኖ «ተረኛው እኔ ነኝ፣ ከዘር ማን ያመልጣል» አለና የደም ግፊት ክኒኑን እርግፍ አድርጎ ተወው። ሁለት ዓመት ሙሉ!

ዘር የለበትም አላልኩም። አፖኢ የሚባል ዘረመል አለ፤ ከዓይነቶቹ አንዱ፣ 4 ቁጥር የተሰጠው፣ ለአልዛይመር እንደሚያጋልጥ ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይታወቃል። ማጋለጥ ግን መፍረድ አይደለም። እሱን ይዘው እስከ እርጅናቸው ምንም ሳይሆኑ የኖሩ አሉ፣ ሳይኖራቸው የታመሙም አሉ። ደግሞ በአፍሪካውያን ላይ ያለው ጉልበት በአውሮፓውያን ላይ ካለው ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ከወላጅ ወደ ልጅ በቀጥታ የሚወርደው ዓይነትማ ከመቶ ታማሚ አንድ እንኳ አይሞላም።

ወንድሜን አዲስ አበባ ወስጄ ኤም አር አይ የሚባለውን የአንጎል ፎቶ ተነሳ። ሐኪሙ ፎቶውን አሳየኝ፤ የአንጎሉ ነጭ ክፍል ዱቄት የተረጨበት ይመስል ነጠብጣብ በነጠብጣብ ነው። ከአንጎላችን ግማሽ ያህሉ ነጩ ክፍል ነው። የነርቭ ክሮች ቅባት ባለው ሽፋን ተጠቅልለው ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው መልእክት የሚያደርሱት በእሱ ነው። ደሴም አለች፣ ኮምቦልቻም አለች፤ በመሃላቸው ሐረጎ ተራራ ላይ መንገዱ ከተናደ ግን ከታች የተጫነው እህል እዚህ አይደርስም። እንደዚያ ነው። ሰውየው ነገሩን ያውቀዋል፣ መልሱ ግን ይዘገይበታል፣ እርምጃው ይከብደዋል። ያ 4 ቁጥሩ የአፖኢ ዘረመል ሽፋኑ የሚሠራበትን ቅባት ማመላለስ ያውካል፣ እውነት ነው። ግን ትንንሾቹን የደም ሥሮች አጥብቦ ነጩን ክፍል የሚያስርበው ማን ነው? ደም ግፊት ነው! ዘር አይቀየርም፣ ግፊት ግን በክኒን ይወርዳል። ታዲያ ንገሩኝ፣ ወንድሜን የጎዳው ዘሩ ነው ወይስ የእኛ አፍ?

ስኳርም፣ ሲጋራም፣ የጆሮ መድከምም፣ ብቸኝነትም አሉበት። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያሰባሰበው የባለሙያዎች ኮሚሽን በ2024 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያሉ 14 ነገሮችን ቆጥሮ፣ ሁሉም ቢወገዱ 45 በመቶ ያህሉን የመርሳት በሽታ ማስቀረት ወይም ማዘግየት ይቻላል ብሏል። ጨው ቀንሱ። መስማት ያስቸገራችሁ ታዩ።

ነርሶቹ መለኪያውን ይዘው ድንኳኑ ጥግ ተቀምጠዋል። ወንድሜ ክኒኑን እንደገና ከጀመረ ስድስት ወሩ ነው፣ መጀመሪያ እሱ ይለካል። እማዬ ቤት ናት። ከዚህ ስትወጡ ጎራ በሉ፤ ቡናውን ደግማ ከቆላች፣ እናንተም ደግማችሁ ጠጡላት።