ቤንዚን የሚያፈሰው ሞተርና የአባባ ሳሙና

እኔ፦ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬም ከጎንደር ነን፤ ያለነው ጋሼ ጋራዥ ውስጥ ነው። ከጀርባ የምትሰሙት ባጃጅ ነው። አዘዞ መንገድ ዳር ስለሆንን ዝም ማሰኘት አልቻልንም። ጋሼ፣ እንዴት አደሩ?

ጋሼ፦ እግዚአብሔር ይመስገን። ቡናውን ግን አርቂልኝ።

እኔ፦ ቡናውን?

ጋሼ፦ ከሰሉን! ቤንዚን የሚያፈስ ሞተር አጠገብ ከሰል ይቀጣጠላል እንዴ? የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል። ወደ ላይ አይበንም፤ መሬት ለመሬት ተስቦ እሳቱ ያለበት ድረስ ይሄዳል።

እኔ፦ እሺ፣ ምድጃው ወጥቷል። ሞተሩ የአባባ ነው። ደንቢያ ላይ ከመገጭ ወንዝ ውሃ እየሳበ ሽንኩርት የሚያጠጣበት። በዚሁ ሳምንት ደግሞ አሜሪካ ያለው ወንድሜ ደወለ። እሱ ላዩ ላይ ተቀምጦ እየነዳ ሳር የሚያጭድበት መኪና አለው። እሱም ቤንዚን ያፈሳል አለኝ። የአባትና የልጅ በሽታ አንድ ይሆን?

ጋሼ፦ ዘመዳሞች ናቸው። የእሱን በኋላ እመጣበታለሁ። መጀመሪያ አባትሽ ምን አደረጉ?

እኔ፦ ሳሙና ለጠፉበት።

ጋሼ፦ (እየሳቀ) የልብስ ሳሙና! አልፈርድባቸውም። ሳሙና በቤንዚን አይሟሟም። ሰርባቶዮ፣ የቤንዚን ታንከሩ፣ ሲሰነጠቅ ደረቅ ሳሙና አሽተሽበት ጋራዥ ድረስ ትደርሺያለሽ፤ እኔም ስንት ጊዜ አድርጌዋለሁ። የት ላይ ለጠፉት?

እኔ፦ ቤንዚኑን ከአየር ከሚቀላቅለው ከካርቡራተሩ ሥር፣ ጠብታው የሚታይበት ላይ።

ጋሼ፦ አዬ፣ ተሳስተዋል። ጠብታው የሚታይበት ሌላ፣ ቤንዚኑ የሚወጣበት ሌላ። ቆርቆሮ ሲያፈስ ውሃው በማገሩ ሄዶ ሌላ ክፍል ይንጠባጠብ የለ? እንደዚያ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሁሉንም በጨርቅ ጥርግ ማድረግ። ከዚያ ከሥሩ ካርቶን አንጥፎ ከላይ ወደ ታች ማየት። ሰርባቶዮ፣ የቤንዚን መዝጊያ፣ የጎማ ቱቦ፣ ካርቡራተር። ከላይ በኩል ቀድሞ የረጠበው ነው ጥፋተኛው።

እኔ፦ እኔ ሳየው ሁሉም ርጥብ ነበር።

ጋሼ፦ ስላልጠረግሽው ነዋ። ሁለተኛው ጥያቄ ደግሞ፣ የሚያፈሰው ቆሞ ነው ወይስ እየሠራ?

እኔ፦ ቆሞ። ማታ አስቀምጠውት ጠዋት ሥሩ ረጥቦ ያገኙታል።

ጋሼ፦ መዝጊያውን ዘግተው?

እኔ፦ አባባ መዝጊያውን ዘግቶ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ጋሼ፦ በይ፣ ግማሹን ነገርሽኝ። መዝጊያው ተዘግቶም ካፈሰ ችግሩ ሰርባቶዮው ወይም ራሱ መዝጊያው ነው። ሲሠራ ብቻ ካፈሰ ቱቦውን አጠፍ እያደረግሽ እይው፤ ንዝረቱ ነው ስንጥቁን የሚከፍተው። ተከፍቶ ሲያድር ካፈሰ ግን በአብዛኛው የካርቡራተሩ መርፌ ነው። ነይ፣ ከሥሩ ያለውን ቡሎን በ10 ቁልፍ ፍቺው። ቤንዚኑ እዚህ ጣሳ ላይ ይፍሰስ።

እኔ፦ ለአድማጮቻችን፣ ከካርቡራተሩ ሥር ያለችውን ትንሽ ሳህን አወረድኳት። ውስጧ የሚንሳፈፍ ነገር አለ። ከላዩ ትንሽ መርፌ ተንጠልጥላለች።

ጋሼ፦ የሽንት ቤት ውሃ ማጠራቀሚያ ከፍተሽ ታውቂያለሽ? ኳሷ ስትነሳ ውሃው ይዘጋል። ይሄም ያው ነው። ሳህኑ ሲሞላ ተንሳፋፊው ይነሳና መርፌዋን ቀዳዳው ላይ ይጫናታል። መርፌዋ በደንብ ካልገጠመች ቤንዚኑ መምጣቱን አያቆምም፤ ሞልቶ ይፈሳል። መጀመሪያ ተንሳፋፊውን ወደ ጆሮሽ አስጠግተሽ ነቅንቂው።

እኔ፦ ምንም አይሰማም።

ጋሼ፦ ጥሩ፣ ደህና ነው። ውስጡ ፈሳሽ ቢንቦጫቦጭ ተበስቶ ቤንዚን ገብቶበታል ማለት ነው። ከብዶ አይነሳም። ከተጠራጠርሽ ሙቅ ውሃ ውስጥ ድፈቂው፤ ቀዳዳ ካለው አረፋ ያወጣል። ውሃውን ግን እሳት ካለበት አርቀሽ። አሁን የመርፌዋን ጫፍ እይ።

እኔ፦ ጥቁር ላስቲክ ናት። ዙሪያዋን... ቀለበት የሚመስል መስመር አለባት። ከመስመሩ ላይ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት።

ጋሼ፦ አገኘሻት! ያ ቀለበት ለብዙ ጊዜ ከመጫን የመጣ መበላት ነው። አሸዋዋ ደግሞ ከጀሪካን ነው የመጣችው። ቤንዚን በሃይላንድ ፕላስቲክ፣ በጀሪካን፣ ባገኘነው ነው የምንቀዳው፤ ማን በጨርቅ ያጠላል? መርፌዋ ትቀየራለች። የምትቀመጥበት ቀዳዳ በንጹሕ ቤንዚን ይታጠባል፣ በአየር ይነፋል። በሽቦ አይጎረጎርም! ስትገጥሚው ደግሞ ካርቡራተሩን ገልብጠሽ በንጹሕ ቱቦ ቀስ ብለሽ ንፊበት። አየር ካለፈ አሁንም አልገጠመችም።

እኔ፦ አንዳንዱ ሰው የሳህኑን ዙሪያ በሲሊኮን ይደፍነዋል። ጎረቤታችን እንደዚያ ነው የሚያደርገው።

ጋሼ፦ አይሆንም። ተራው ሲሊኮን በቤንዚን ያብጥና ይላላል። ቁራጩ ወደ ውስጥ ገብቶ ደግሞ ቀጭኗን ቀዳዳ ይደፍናል። የሳህኑ ጎማ ካረጀ ጎማውን ቀይሩት፤ ርካሽ ነው።

እኔ፦ አለቀ ማለት ነው? ልገጣጥመውና ላስነሳው?

ጋሼ፦ ቆይ! ይሄን ነው ሰው የሚዘለው። ቤንዚኑ ወደ ውጭ ብቻ ነው የፈሰሰው ያለሽ ማነው? በካርቡራተሩ አልፎ ወደ ሲሊንደር፣ በፒስተኑ ጎን ወርዶ ዘይቱ ውስጥ ይገባል። የዘይት መለኪያውን አውጪ።

እኔ፦ ከመስመሩ በላይ ነው። አባባ ዘይት አልጨመረም።

ጋሼ፦ አሽችው።

እኔ፦ ...ቤንዚን ቤንዚን ይላል።

ጋሼ፦ ያ ዘይት አሁን ቀጥኗል፤ ብረቱን አያለሰልስም። አስነስተሽው ቢሆን ሽንኩርቱ ሳይጠጣ ሞተሩ ነክሶ ይቆም ነበር። ስንት ሞተር እንደዚህ ሲሞት አይቻለሁ። ባለቤቱ «ትናንት ደህና ነበር» ይላል፤ ትናንትማ ደህና ነበር! ዘይቱ ሙሉ በሙሉ ይደፋና አዲስ ይገባል። ለዚህች ከ0.6 ሊትር አይበልጥም። ገመዱ አልጎተት ካለ ደግሞ ሲሊንደሩ ውስጥ ቤንዚን ተኝቷል። በጉልበት አትጎትቱ። ብልጭታ የሚሰጠውን ካንዴላ አውጥታችሁ ማብሪያውን አጥፍታችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡት። የሚረጭበት አቅጣጫ ላይ ማንም አይቁም።

እኔ፦ የወንድሜስ?

ጋሼ፦ እሱም መርፌውን ይይ፣ ዘይቱን ያሽት። የሱ ሁለት ነገር ይጨምራል። የነዚያ ሳር ማጨጃዎች ሰርባቶዮ ዝቅ ብሎ ከሆነ ቤንዚኑን የምታነሳ ትንሽ ፓምፕ አለች። ብዙዎቹ ላይ ውስጧ ስስ ላስቲክ አለ፤ ከሞተሩ በሚመጣ ግፊት ነው የሚርገበገበው። ላስቲኩ ሲቀደድ ቤንዚኑ በግፊት ቱቦው አድርጎ ወደ ዘይቱ ይገባል። ውጭ አንድ ጠብታ ላያይ ይችላል! ሁለተኛው፣ ከሳህኑ ሥር ሽቦ ያለው ቡሎን የሚመስል ነገር አለ። ሞተሩ በቁልፍ ሲጠፋ ቤንዚን የሚያቋርጠው እሱ ነው። በማሸጊያ ቀለበቱ በኩልም ያፈሳል። ስንት ወር አቁሞት ነበር?

እኔ፦ ክረምቱን ሙሉ። የእነሱ ክረምት በረዶ ነው።

ጋሼ፦ ቤንዚኑን ሳያወጣ? በይ ደውዪለት። ተቀምጦ የከረመ ቤንዚን እንደ ሙጫ ይሆናል፣ መርፌዋን ያጣብቃታል። ያገራቸው ቤንዚን በብዛት እስከ 10 በመቶ ኢታኖል ያለበት ነው፤ ኢታኖል ደግሞ ውሃ ይስባል።

እኔ፦ (ከአርባ ደቂቃ በኋላ ነው ይሄ የተቀዳው።) መርፌዋ ተቀይራለች፣ ዘይቱ ተቀይሯል፣ መዝጊያው ተከፍቷል። ካርቶኑ ደረቅ ነው።

ጋሼ፦ ሩብ ሰዓት ይቆይ። አትቸኩይ።

እኔ፦ አባባን ደውዬ መዝጊያውን ማታ ማታ ዝጋ ልበለው?

ጋሼ፦ ሞተሩን ስትልኪለት መዝጊያውን በቀይ ቀለም ቀቢው። ቀይ ሆኖ ካየው ይዘጋዋል።

እኔ፦ ቡናውስ? ምድጃውን ላምጣው?

ጋሼ፦ ያ ጣሳ ቤንዚን ሳይወጣ? በረንዳ ላይ እንጠጣለን፣ ነይ።