ጋቢ የተሰጣበት ገመድ፦ «ሳግ» የምትባለው የእንግሊዝኛ ቃል

[ምስል፦ ግቢ ውስጥ የታሰረ የልብስ ማስጫ ገመድ]

ይሄን ገመድ እዩልኝ። ጠዋት ስናስረው ቀጥ ብሎ ነበር። አሁን ታጥቦ በደንብ ያልተጨመቀ ጋቢ ተሰጣበትና መሀሉ ወረደ፣ ጥለቱ መሬት ሊነካ ትንሽ ነው የቀረው። እኛ «ገመዱ ረገበ» እንላለን። እንግሊዞቹ «ሳግ» ይሉታል።

በአማርኛም ሳግ አለ፣ ለቅሶ ጉሮሮ ላይ ሲተናነቅ የሚመጣው። ሁለቱ ድምፃቸው ገጠመ እንጂ አይዛመዱም።

እንግሊዝኛዋን ስትተረጉሙ አደራ፣ አንድ ቃል ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። ገመድ ይረግባል። ፍራሽ ይሰረጉዳል። መጽሐፍ የበዛበት መደርደሪያ ይጎብጣል። ገበያ ይቀዘቅዛል። እነሱ ሁሉንም ሳግ ይሉታል፣ እኛ ግን ለየአንዳንዱ የራሱ ቃል አለን፣ እና ይሄ ሀብት በስንፍና ሲባክን በጣም ያሳዝነኛል።

ወደ ገመዱ እንመለስ። ሲረግብ ሁላችንም የምናደርገው ወጥሮ ማሰር ነው። ግን መርገቡን በግማሽ ለመቀነስ ውጥረቱን በእጥፍ መጨመር አለባችሁ። ጨርሶ ቀጥ ይበል ካላችሁ ወይ ሚስማሩ ይነቀላል ወይ ገመዱ ይበጠሳል፣ ክብደት ያለው ገመድ በሁለት ጫፍ ታስሮ ፍጹም ቀጥ ሊል አይችልምና።

[ምስል፦ የከፍተኛ ኃይል መስመር]

የኤሌክትሪክ መስመር የሚዘረጉ ሰዎችም ሽቦውን ሆን ብለው ረገብ ያደርጉታል። ብርድ ሲሆን ሽቦው ይኮማተራል፣ ድሮውኑ ተወጥሮ ከነበረ አደጋ ነው። ሲሞቅ ደግሞ ይረዝማል፣ ብዙ ኃይል ሲተላለፍበትም ይሞቃል። እ.ኤ.አ. ኦገስት 14 ቀን 2003 አሜሪካ ኦሃዮ ውስጥ እንዲህ የረገቡ መስመሮች በወቅቱ ያልተከረከሙ ዛፎችን ነኩና ተቋረጡ፣ የእነሱ ጭነት ወደ ሌሎቹ መስመሮች ዞረ፣ በዚያ ላይ የመቆጣጠሪያ ክፍሉ የማስጠንቀቂያ ሶፍትዌር ሥራ አቁሞ ስለነበር ሰዎቹ ነገሩን በጊዜ አላወቁም። በ8 የአሜሪካ ግዛቶችና በካናዳ ኦንታሪዮ ወደ 50 ሚሊዮን ሰው ጨለማ ውስጥ ገባ። ከረገበ ሽቦ የጀመረ ነገር!

ቮልቴጅም ሳግ አለው። የፍሪጁ ሞተር ሲነሳ አምፖሉ ደብዘዝ ብሎ መልሶ ቦግ ሲል አይታችኋል? ቮልቴጁ ከመደበኛው 90 በመቶ በታች ወርዶ በ1 ደቂቃ ውስጥ ከተመለሰ ባለሙያዎቹ ሳግ ይሉታል።

መርከብም አለ። ፊቱና ኋላው ሁለት ማዕበል ላይ ሲወጡ ወገቡ መሀል ላይ ድጋፍ ያጣና ወደ ታች ይጎብጣል።

አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ቃሏን ከሱሪ ጋር ታውቋታላችሁ፣ ከወገብ ዝቅ ተደርጎ የሚለበሰው። ሉዊዚያና ውስጥ ዴልካምበር የምትባል ትንሽ ከተማ በ2007 የውስጥ ሱሪ የሚያሳይ አለባበስን እስከ 6 ወር እስራትና እስከ 500 ዶላር ቅጣት የሚያስከትል ጥፋት አደረገችው። ለእኔ ይሄ ከልክ ያለፈ ነው። በሱሪ ሰው አይታሰርም። እዚያው ግዛት ያለችው ሽሪቭፖርት ተመሳሳይ ደንቧን በ2019 ሽራለች።

«ሳግ አድማ መታ» የሚል ዜና ብትሰሙ ግን የረገበ ነገር የለም። በ1933 የተቋቋመው የሆሊውድ ተዋንያን ማኅበር ስም ሲያጥር ነው፣ በ2012 ከሌላ ማኅበር ጋር ተዋህዷል። የ2023ቱ አድማ 118 ቀን ቆየ።

[ምስል፦ ገመዱ፣ መሀሉ ላይ ባላ ተደግፎበት]

ገመዳችሁን አትወጥሩት፣ መሀሉ ላይ ባላ አስደግፉት። ርዝመቱ ለሁለት ሲከፈል፣ በዚያው ውጥረት፣ መርገቡ ወደ ሩብ ይወርዳል። ጋቢውም መሬት አይነካም።