ከቆርኪና ከካርቶን ጀምሩ

ውድ ወጣቶች፣ የጨዋታ ወዳጆች፤ እንደምን ዋላችሁ?

ወደዚህ ስመጣ ሁለት ሊስትሮዎች ካርቶን ላይ በእስክሪብቶ የተሰመረ ዳማ ዘርግተው ሲጫወቱ አየሁ። የአንዱ ጠጠሮች የለስላሳ፣ የሌላው የቢራ ቆርኪዎች ናቸው። ሦስት ሰዎች ከላያቸው ቆመው ሳይጠየቁ ይመክራሉ። የገበታ ጨዋታ ለመፍጠር የተነሣችሁ ሁሉ ከእንደዚያ ያለ ካርቶን እንድትጀምሩ እለምናችኋለሁ። አንዳንዶቻችሁ ገና ከወዲሁ ሠዓሊ ቀጥራችሁ፣ የማተሚያ ቤት ዋጋ እየጠየቃችሁ መሆኑን ነግራችሁኛል። አቁሙት። ገንዘብ የፈሰሰበት ሥዕል የጨዋታውን ሕግ ለመለወጥ ያሳሳችኋል፤ ካርቶን ግን ቢቀደድ አይቆጭም።

ይህን የምለው ከደረሰብኝ ተነሥቼ ነው። የአማርኛ የቃላት ጨዋታ ለመሥራት ስነሣ ስክራብልን፣ ፊደል የተጻፈባቸውን ቁራጮች ገበታ ላይ እየደረደሩ እርስ በርስ የሚሻገሩ ቃላት የሚሠሩበትን የእንግሊዝኛ ጨዋታ፣ በፊደላችን ብተካው የሚበቃ መስሎኝ ነበር። ስክራብልን የፈጠረው አልፍሬድ በትስ የተባለ አሜሪካዊ አርክቴክት ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሥራ አጥቶ ሳለ ጋዜጣ ዘርግቶ እያንዳንዱ የእንግሊዝኛ ፊደል ስንት ጊዜ እንደሚመጣ ቆጠረ፤ የቁራጮቹን ብዛትና ነጥብ የደለደለው በዚያ ቆጠራ ነው። እኔ ድካሙን ዘልዬ የቁራጮቹን ብዛት፣ 100 የምትለዋን ቁጥር ብቻ ወሰድሁ።

እንግሊዝኛ 26 ፊደላት አሉት። የእኛ 33 ፊደላት በሰባቱ ቤት ሲባዙ፣ ዲቃሎቹን ሳንጨምር፣ 231 ይሆናሉ። መቶ ቁራጭ ከረጢት ውስጥ ከትቼ ለእህቴ ልጆች ሰጠኋቸው። ሰባት ሰባት አወጡ። አንዱ ኙ፣ ጶ፣ ዢ ይዞ ጣራ ጣራ ያያል። ሩብ ሰዓት አለፈ፤ ገበታው ላይ አንድ ቃል ብቻ ነበር። በዚያው ምሽት ቁራጮቹን ገልብጬ በጀርባቸው የፊደሉን የመጀመሪያ ቤት ብቻ ጻፍሁ፦ በ ያወጣ ተጫዋች ቡ፣ ቢ፣ ባ እያለ በፈለገው ቤት ያነባል፤ የሚሻገረውም ቃል በሌላ ቤት ቢያነበው ተፈቀደ። ሀ፣ ሐ እና ኀን በአንድ ቁራጭ አጠቃለልኋቸው። ይህ የሚያሳዝናቸው የቋንቋ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ፣ ሐዘናቸውንም አከብራለሁ፤ ነገር ግን ልጆች በሆሄ ሲከራከሩ ጨዋታው ይቆማል።

ቃላት እንደ ጉድ ይወጡ ጀመር። ወዲያው ሌላ ቀዳዳ ተገኘ። የዘጠኝ ዓመቷ ልጅ ሰው ሁሉ በሠራው ቃል ፊት «የ» እየደቀነች ነጥብ ትለቅም ገባች፤ ቤት የቤት፣ ላም የላም። በስክራብል አብዛኛውን ስም ብዙ ቁጥር የሚያደርገው ኤስ ከ100 ቁራጮች 4 ብቻ የሆነበት ምክንያት የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እኔም የ፣ በ፣ ለ እና ከ በተሠራ ቃል ላይ እንዳይለጠፉ ከለከልሁ። ልጅቷ አኮረፈች፤ ሆኖም ከሁላችንም በላይ ጨዋታውን ያሻሻለችው እርሷ ናት።

ስለዚህ ስታስሞክሩ ዝም በሉ። የጻፋችሁትን ሕግ ስጧቸውና ጥግ ይዛችሁ ተቀመጡ። ሲሳሳቱ አታርሟቸው፤ የተሳሳቱበትን ዐረፍተ ነገር አስምሩበት። ዘመድ ይሉኝታ ስላለበት «ወደዳችሁት ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱ የታወቀ ነው። ማን መቼ ስልኩን እንዳወጣ፣ ማን ተራው ሲደርስ «የእኔ ነው እንዴ?» እንዳለ መዝግቡ። ጨዋታው ሲያልቅ ሳትለምኗቸው እንደገና ከደለደሉ ግን እጃችሁ ላይ አንድ ነገር አለ።

ተራ መጠበቁ ካሰለቻቸው የአያቶቻችንን ሰንጠረዥ፣ የአገራችንን ቼዝ አስታውሱ። መክፈቻው ወረራ ይባላል፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ፣ አንዱ የሌላውን እጅ እያየ። እንዲህ ያለ ድንቅ መላ በእጃችን ሳለ ከውጭ ብቻ መቅዳታችን ያንገበግበኛል።

ሐሳባችንን ቢሰርቁንስ ብላችሁ ጽፋችሁልኛል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ባዶ ሐሳብንና የአሠራር ዘዴን አይጠብቅም፤ የጻፋችሁትን የጨዋታ ሕግ ጽሑፍና የሣላችሁትን ሥዕል ግን ይጠብቃል። እንግዲህ ጻፉ፣ ሣሉ፣ ቀኑን መዝግቡ፤ ከዚያ ለሰው አሳዩ። መሳቢያ ውስጥ የተቆለፈ ጨዋታ ማንም አይሰርቀውም፣ ማንም አይጫወተውም።

አሁን በየጠረጴዛችሁ ካርቶን፣ መቀስ፣ እስክሪብቶና አንድ ከረጢት ቆርኪ ተቀምጧል። አርባ ደቂቃ አላችሁ። ስትጨርሱ ሕጉን በግማሽ ገጽ ጽፋችሁ በቀኛችሁ ላለው ጠረጴዛ አስተላልፉ፤ በግራችሁ ካሉት የመጣውን እናንተ ተጫወቱ። እኔ በመካከላችሁ እዘዋወራለሁ፤ ስለ ሕጉ ብትጠይቁኝ አልመልስም።