ሊቼ፦ ጦርነት ያቆየው፣ ዕርቅ ያባረረው ካርዲናል

[ምስል፦ የደብረ ብርሃን ዙሪያ፣ የገብስ ማሳ]

ከደብረ ብርሃን ወጣ ብላ ሊቼ አለች። ዛሬ ስሟን የሚያነሣው ጥቂት ሰው ነው፤ በ1860ዎቹ ግን የንጉሥ ምኒልክ መቀመጫ ነበረች። ጣሊያናዊው የካቶሊክ ጳጳስ ጉልዬልሞ ማሳያ፣ አገሬው አባ ማስያስ የሚላቸው፣ ሸዋ የገቡት በ1860 ዓ.ም. ነው፤ ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ራሳቸውን በሰዉበት ዓመት።

ሸዋ ለመቀመጥ አልመጡም። ተልእኳቸው ከዓባይ በስተደቡብ ላለው ሕዝብ ነበር፤ ልባቸውም ከፋ ላይ። ምኒልክ ግን አለቀቋቸውም።

ለምን? ቴዎድሮስ ከሞቱ በኋላ ዘውዱ የጉልበተኛ ሆኗል። የዋጉ ጎበዜ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ፤ በ1863 የትግራዩ ካሣ ድል ነሧቸውና በማግሥቱ ዓመት ዐፄ ዮሐንስ ተባሉ። ምኒልክም ራሳቸውን ንጉሠ ነገሥት ይላሉ። እንዲህ ባለ ጊዜ ነፍጥ ያስፈልጋል፤ ነፍጥ ደግሞ የሚመጣው ከባሕር ማዶ ነው። የፈረንጅን ቋንቋና የቤተ መንግሥቶቹን ጠባይ የሚያውቅ ሰው እደጅ መጥቶ ማን ይሸኘዋል? አባ ማስያስ አማካሪ ሆኑ። በ1869 የጣሊያን ጂኦግራፊ ማኅበር መልእክተኞች መጥተው አንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ የተባለውን ቦታ ለማረፊያ ጣቢያ ሲያገኙም አባ ማስያስ ከመሐል ነበሩ።

ተራው ሰው የሚያውቃቸው ግን ፈንጣጣ ሲከትቡ ነው። እኔን ብትጠይቁኝ፣ ከስብከታቸው ይልቅ ብዙ በር የከፈተላቸው ክትባቱ ነው።

[ምስል፦ ካርታ፣ ከሰሜን ወደ ሸዋ የሚወርድ ቀስት]

በ1870 ዐፄ ዮሐንስ ጦር ይዘው ሸዋ ገቡ። ዋናው ውጊያ ሳይደረግ ነገሩ በሽምግልና ተያዘ፤ መጋቢት ላይ ምኒልክ ድንጋይ ተሸክመው ገቡ። የንጉሠ ነገሥትነቱን ስም ተዉ፣ ግብር ሊከፍሉ ተስማሙ፤ በምላሹ የሸዋ ንጉሥነታቸው ጸናላቸው። ሁላችንም የምናስታውሰው ድንጋዩን ነው። ከሊቼው ስምምነት ውስጥ ግን ሚስዮናውያኑ ከሸዋ ይውጡ የሚልም ነበረበት። ዮሐንስ አገር በአንድ ሃይማኖት ይጸናል ባይ ናቸው፤ የሃይማኖቱን ክርክር ለመቁረጥ የቦሩ ሜዳን ጉባኤ የጠሩትም በዚያው ዓመት ነው። ሁለቱ ነገሥታት ሲፎካከሩ መጠጊያ ያገኙት ጳጳስ፣ ሲታረቁ የዕርቁ ዋጋ ሆኑ።

ምኒልክ ነገሩን እያዘገዩ አንድ ዓመት ገፉት። በ1871 ግን አባ ማስያስ ወደ ደብረ ታቦር ተጠሩ፤ ከዮሐንስ ፊት ቀርበው በሱዳን በኩል ከአገር ተባረሩ። ዕድሜያቸው 70 ነበር።

ካርዲናልነቱ የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው፤ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 13ኛ በ1877 ዓ.ም. ሾሟቸው። በሊዮ ትእዛዝም የ35 ዓመት የሚስዮን ትዝታቸውን በ12 ቅጽ ጻፉ። የዚያን ዘመን ሸዋ የሚያጠና ሰው አያልፈውም፤ ሆኖም የተባረረ ሰው ብዕር መሆኑን አስቦ ያንብበው።

ያረፉት በ1881 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ጣሊያን፣ ኔፕልስ አጠገብ ነው። ያባረሯቸው ዮሐንስ በዚያው ዓመት መጋቢት መተማ ላይ ወድቀው፣ ምኒልክ ሊቼ ላይ የተዉትን ስም መልሰው ይዘውት ነበር።