«ማን ጠራኝ?» ፕሮሲጀሩን የጠራውን ፕሮግራም ፍለጋ

(ምስል፦ የባሕር ዳር ወደብ፣ ማለዳ። ከኋላ ጣና ይታያል።)

ሰላም፣ ሰላም! እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ ስቱዲዮ አይደለሁም። ጣና ዳር ነኝ። ነፋሱ ማይኩን ይነካካዋል፣ ታገሱኝ። የዛሬውን ጉዳይ ከዚህ ወደብ የተሻለ የሚያስረዳልኝ ቦታ የለም። ለምን እንደሆነ አሁን ታያላችሁ።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ዳታቤዛችሁ ውስጥ አንድ ፕሮሲጀር አለ፤ ፕሮግራሞች በስሙ ጠርተው የሚያሠሩት፣ እዚያው ተጽፎ የተቀመጠ ኮድ ማለት ነው። ስሙን «ቀሪ አስተካክል» እንበለው። የዕቃ ቀሪ ያስተካክላል። የካሸሯ ፕሮግራም ይጠራዋል። የመጋዘኑ ፕሮግራም ይጠራዋል። የሞባይሉ አፕም ይጠራዋል። አንድ ቀን ጠዋት ስትገቡ ቀሪው ተዛብቷል። ፕሮሲጀሩ ጋ ሄዳችሁ ታያላችሁ፤ ስህተት የለበትም። የታዘዘውን ነው የሠራው። እና ማን ነው ያዘዘው? ማን ጠራው?

ይህቺን ጥያቄ ያዙልኝ። ማን ጠራው?

እኔ ይህን ነገር የምወደው እንዲሁ አይደለም። እዚሁ ባሕር ዳር፣ ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ ልክ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶ አይቻለሁ። ቀሪው ማታ ማታ ይቀንስ ነበር። ማን እንደጠራው የሚናገር ነገር ስላልነበረ ሰው ሰውን መጠርጠር ጀመረ። ጥርጣሬው መጨረሻ ላይ ያረፈው ካሸሯ ላይ ነው። ልጅቷ ስታለቅስ አይቻለሁ። ታሪኩን መጨረሻ ላይ እጨርስላችኋለሁ። መጀመሪያ ግን መርከቧ።

(ምስል፦ መርከብ ወደ ወደቡ ስትጠጋ።)

ጣና ላይ የቆየ የመርከብ መስመር አለ። ከሰሜኑ ዳርቻ፣ ከጎርጎራ ይነሳል። ደልጊን ይነካል። ቁንዝላን ይነካል። ደቅ ደሴት ይቆማል። ከዚያ ዘጌ። ከዚያ ባሕር ዳር። ጎርጎራ፣ ደልጊ፣ ቁንዝላ፣ ደቅ፣ ዘጌ፣ ባሕር ዳር። ድገሙት ከኔ ጋር፣ ኋላ ያስፈልገናል።

አሁን መርከቧ ገባች እንበል። ወዛደሮቹ ማዳበሪያ ማዳበሪያ እህል ያወርዳሉ። አንዱ ማዳበሪያ ውስጥ ሽምብራ አለ። እኔ ቆሜ ወዛደሩን እጠይቃለሁ፦ «ወንድሜ፣ ይህ ከየት መጣ?» እሱም ቀና ብሎ፦ «ከዘጌ ነው የገባነው» ይለኛል።

አልዋሸም። መርከቧ መጨረሻ የቆመችው ዘጌ ነው። ግን ዘጌን የምታውቁ ሰዎች አሁን ሳቃችሁ። ዘጌ ቡና ነው። ዘጌ ጌሾ ነው። ዘጌ ጫካ ነው። በልማዱ ዘጌ ላይ በሬ ተጠምዶ አይታረስም። ሽምብራ ከዘጌ? ከየት አምጥቶ! ሽምብራው የደምቢያ ነው። የተጫነው ጎርጎራ ነው። ዘጌን ያለፈበት ብቻ ነው።

አያችሁት? «ከየት መጣ» የምትለዋ ጥያቄ አንድ ትመስላለች፤ ሦስት ናት። መጨረሻ የነካው የት ነው? ዘጌ። በየት በየት አለፈ? ስድስቱ ወደብ። መጀመሪያ ማን ጫነው? ጎርጎራ ያለው ነጋዴ።

ፕሮሲጀራችሁም እንዲሁ ነው። «ቀሪ አስተካክል» ባሕር ዳር ነው። እሱን በቀጥታ የጠራው ሌላ ፕሮሲጀር ወይም ትሪገር፣ ማለትም ቴብል ሲቀየር በራሱ የሚነሳ ኮድ፣ ሊሆን ይችላል፤ ያ ዘጌ ነው። ያንን የጠራው ሌላ አለ፤ ያ ደቅ ነው። እንዲህ እንዲህ እያለ እስከ መነሻው ይሄዳል። ይህ የጥሪ ሰንሰለት ኮል ስታክ ይባላል። የመጨረሻው ወደብ ላይ ሆናችሁ ወደ ኋላ ነው የምታነቡት። ዘጌ፣ ደቅ፣ ቁንዝላ...

አንድ ነገር ልጨምርና መርከቧን እለቃታለሁ። ሽምብራው ጎርጎራ እስኪደርስ በአህያ ነው የመጣው። አህያውን መርከቧ አታውቀውም። የመርከቧ መዝገብ ላይ የሚጻፈው ወደብ ብቻ ነው። የዳታቤዙ ኮል ስታክም ከዳታቤዙ ውጭ ያለውን አያውቅም። የጃቫው ክላስ፣ የሲ ሻርፑ ፎርም፣ የፓይተኑ ስክሪፕት፣ እነዚህ ሁሉ አህያው ናቸው። ሰንሰለቱ ዳታቤዙ በር ላይ ይቆማል። ስለዚህ ነጋዴው ምን ያደርጋል? ማዳበሪያው ላይ በቀለም ስሙን ይጽፋል። ሲጫን ይጽፋል፤ ከወረደ በኋላ መጻፍ ዋጋ የለውም። ሲጫን!

ፕሮግራማችሁም ሲገናኝ ስሙን ይጻፍ። የዛሬው ቪዲዮ ልቡ ይህ ነው።

(ምስል፦ የተመልካቾች አስተያየት በስክሪን ላይ።)

እሺ፣ ወደ ኮዱ ልገባ ነበር። ግን ባለፈው ቪዲዮ ስር አንድ ሐሳብ ተደጋግሞ መጥቷል፤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። «ይህን ሁሉ ምን አስለፋህ? ኮዱ ውስጥ የፕሮሲጀሩን ስም ሰርች አድርግ፤ ያገኘኸው ፋይል ጠሪው ነው» የሚል ነው። ብዙ ሰው ጽፎታል። ጎበዝ ጎበዝ ልጆችም ጽፈውታል። ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

ሰርች ማድረግ ጥሩ ነው። እኔም መጀመሪያ የማደርገው እሱን ነው። ግን ሰርች የሚነግራችሁ ማን ሊጠራው እንደሚችል ነው። ትናንት ማታ ማን እንደጠራው አይነግራችሁም። ትኬት መሸጫው ግድግዳ ላይ «ዘጌ» የሚል ስም አለ ማለት ዛሬ ከዘጌ ሰው ተሳፈረ ማለት አይደለም። ሰርች ስታደርጉ አራት ፋይል ታገኛላችሁ። አንዱ ከሦስት ዓመት በፊት የተተወ ነው። አንዱ ኮሜንት ውስጥ ነው። ሁለቱ በሕይወት አሉ። ከሁለቱ የትኛው ነው? ሰርች እዚህ ላይ ዝም ይላል።

ይህ ቀላሉ ጎን ነው። ከባዱ ጎን ሰርች የማያገኘው ጠሪ ነው። የፕሮሲጀሩ ስም ከሁለት ቁራጭ ተቀጥሎ የሚሠራበት ኮድ አለ፤ ዳይናሚክ ኤስኪውኤል የምንለው። ሙሉ ስሙ የትም ቦታ አልተጻፈም። ፈልጋችሁ አታገኙትም። ኦራክል የሚባለው ዳታቤዝ ዩዘር ዲፔንደንሲስ የሚባል ጥሩ ዝርዝር አለው፤ የትኛው የትኛው ላይ እንደተደገፈ ያሳያል። ግን ዳይናሚኩን እሱም አያየውም። የፕሮሲጀሩ ስም ሴቲንግ ቴብል ውስጥ እንደ ዳታ የተቀመጠበትም አለ። ትሪገርስ? አንድ ሰው ቴብሉን አፕዴት ያደርጋል፤ ትሪገሩ ይነሳል፤ ትሪገሩ ፕሮሲጀሩን ይጠራል። ያ አፕዴት ያደረገው ፕሮግራም ውስጥ የፕሮሲጀሩ ስም ጭራሽ የለም! ጠሪው ግን እሱ ነው።

ሌላም አለ፤ ኮዱ እናንተ ጋ የሌለ ፕሮግራም። የሌላችሁን ኮድ ሰርች ማድረግ አይቻልም። ይህን አስታውሱልኝ፤ ታሪኩ ላይ ይመጣል።

ሌሎች ደግሞ «ዩዘርኔሙን ማየት አይበቃም ወይ?» ብላችኋል። አብዛኛው ቦታ ሁሉም ፕሮግራም በአንድ ዩዘርኔም ነው የሚገባው። መርከቧ ላይ ሁሉም ማዳበሪያ ላይ «እህል» ተብሎ ቢጻፍ ማለት ነው። ለየፕሮግራሙ የተለየ ዩዘርኔም ብትሰጡ ግን በጣም ደስ ይለኛል። ከቻላችሁ አድርጉት።

በነገራችን ላይ አስተያየት መጻፋችሁን አታቁሙ። ቻናሉን የሚያሳድገው ይህ ክርክር ነው። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፣ ደወሏንም ጫኑ። እኔ ደግሞ ቀረጻው እንዳለቀ አሳ ጥብስ ልበላ ነው፤ ሽታው እዚህ ድረስ መጥቷል።

(ምስል፦ የኮድ ስክሪን።)

በሉ ኮዱ። በሦስት ዳታቤዞች እናየዋለን፤ ፖስትግሬስ፣ ኦራክል፣ ኤስኪውኤል ሰርቨር። ፈጠን እላለሁ፤ ፕሮሲጀር መጻፍ እንደምታውቁ አውቃለሁ። ያልገባችሁን አቁማችሁ እዩት።

ፖስትግሬስ ላይ ያላችሁ፦ አፕሊኬሽን ኔም የሚባል ሴቲንግ አለ። ፕሮግራሙ ሲገናኝ ኮኔክሽን ስትሪንጉ ላይ፣ ማለትም የመገናኛ አድራሻው በሚጻፍበት መስመር ላይ፣ ስሙን ይጻፍ። የተገናኙትን በሚያሳየው ዝርዝር፣ ፒጂ ስታት አክቲቪቲ ላይ ይታያል። ፕሮሲጀሩ ውስጥ ሆናችሁ ከረንት ሴቲንግ ብላችሁ ታነቡታላችሁ። ልኩ 63 ፊደል ነው፤ በላቲን ፊደል ብቻ ጻፉት። በአማርኛ ብትጽፉት ይበላሻል፤ በቀድሞዎቹ ቨርዥኖች ሁሉም ፊደል የጥያቄ ምልክት ይሆናል። ለሰንሰለቱ ደግሞ ጌት ዲያግኖስቲክስ አለ፤ ፒጂ ኮንቴክስት ብላችሁ ትጠይቁታላችሁ። ከ9.4 ጀምሮ ነው፣ እ.ኤ.አ. 2014።

ኦራክል ላይ ያላችሁ፦ ዲቢኤምኤስ አፕሊኬሽን ኢንፎ የሚባለው ፓኬጅ ውስጥ ሴት ሞጁል አለ፤ ፓኬጅ የፕሮሲጀሮች ስብስብ ነው። ፕሮግራሙ ስሙን በእሱ ይናገር። ቪ ዶላር ሴሽን ላይ ፕሮግራም፣ ሞጁል፣ አክሽን፣ ማሽን የሚሉ ኮለሞች ታያላችሁ። ለሰንሰለቱ ዩቲኤል ኮል ስታክ ተጠቀሙ፤ ከ12ሲ ጋር የመጣ ነው፣ እ.ኤ.አ. 2013። ከሱ በፊት የነበረው ፎርማት ኮል ስታክ በቀድሞዎቹ ቨርዥኖች የፓኬጁን ስምና የመስመር ቁጥር ይሰጣል እንጂ ፓኬጁ ውስጥ ካሉት የትኛው እንደሆነ አይነግራችሁም። ዘጌ ይላችኋል፤ የዘጌ የቱ ጋ እንደሆነ አይላችሁም።

ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ ያላችሁ፦ አፕ ኔም የሚለው ፋንክሽን የፕሮግራሙን ስም ይሰጣል። ፕሮክ አይዲ ግን የራሱን የፕሮሲጀሩን መለያ እንጂ የጠሪውን አይሰጥም። ብዙ ሰው እዚህ ይሳሳታል። ጠሪው ፕሮሲጀር ራሱን በፓራሜትር ያስተዋውቅ፤ ወይም ከ2016 ቨርዥን ጀምሮ ያለውን ሴሽን ኮንቴክስት ተጠቀሙ።

ሦስቱም ላይ አንድ ነገር አትርሱ። ይህን ስም የሚናገረው ፕሮግራሙ ራሱ ነው። የፈለገውን ማለት ይችላል። ስህተት ፍለጋ ላይ ይረዳችኋል፤ ሌባ ፍለጋ ላይ ግን ብቻውን አትመኑት። ሁልጊዜ ከጎኑ የመጣበትን አድራሻ አብራችሁ መዝግቡ።

ኮኔክሽን ፑል፣ ማለትም ተከፍተው የተቀመጡ ኮኔክሽኖችን እየተቀባበሉ መጠቀሚያ፣ ያላችሁ ደግሞ ስሙን ኮኔክሽኑ ሲወሰድ ጻፉ፣ ሲመለስ አጥፉ። አለበለዚያ የትናንቱ ነጋዴ ስም በዛሬው ማዳበሪያ ላይ ይቀራል። ስለ ፑል ለብቻው የሠራሁት ቪዲዮ አለ፣ እዩት።

ሌላው ሮልባክ ነው። የጠሪውን ስም ቴብል ላይ ስትመዘግቡ ሥራው ሮልባክ ከሆነ፣ ማለትም ከመሃል ተሰርዞ ወደ ነበረበት ከተመለሰ፣ መዝገቡም አብሮ ይጠፋል። በጣም የምትፈልጉት ቀን ላይ ይጠፋባችኋል! ኦራክል ላይ አውቶኖመስ ትራንዛክሽን ተጠቀሙ፤ መዝገቡ ከሥራው ተለይቶ ለብቻው ይቀመጣል። ፖስትግሬስ ላይ ሬይዝ ሎግ በሉት፤ ሰርቨሩ ሎግ ላይ ይቀራል።

(ምስል፦ ካሜራው ወደ ሐይቁ ይዞራል።)

አሁን ወደ ካሸሯ።

ዳታቤዙ ፖስትግሬስ ነበር። ሦስቱ ፕሮግራሞች በአንድ ዩዘርኔም ነበር የሚገቡት። ቀሪው የተቀየረበት ሰዓት 17:05 ይላል። 17:05 በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት ከ5 ነው። በዚያ ሰዓት መስኮቱ ላይ ያለችው እሷ ናት። ጥርጣሬው የመጣው ከዚህ ነው።

እኛ ያደረግነው ይህን ነው። ሦስቱም ፕሮግራሞች ስማቸውን እንዲጽፉ አደረግን። ፕሮሲጀሩ መግቢያ ላይ ደግሞ አንድ የሎግ መስመር ጨመርን፤ የፕሮግራሙ ስም፣ አድራሻው፣ ሰንሰለቱ፣ ሰዓቱ ከነሰዓት ዞኑ። ከዚያ ጠበቅን።

በማግስቱ ጠዋት መስመሩ ነበር። ሰዓቱ 17:05 ዩቲሲ። ዩቲሲ የዓለም አቀፉ መለኪያ ሰዓት ነው፤ ኢትዮጵያ ከዩቲሲ ሦስት ሰዓት ትቀድማለች። ማለትም ምሽት 2 ሰዓት ከ5። መስኮቱ ተዘግቷል። እሷ ቤቷ ገብታለች።

የፕሮግራሙ ስም ቦታ ባዶ ነው። ሦስቱም ስም አላቸው፤ ይህ የለውም። አራተኛ ጠሪ አለ ማለት ነው። ማንም የማያውቀው፣ ኮዱም እኛ ጋ የሌለ። አድራሻው ግን ተጽፏል። አድራሻውን ተከትለን ሄድን፤ ዕቃ ክፍል ውስጥ፣ ጠረጴዛ ስር ያለ አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር። ድሮ ለሙከራ የተተከለ የማታ ሪፖርት በየምሽቱ ይነሳበታል፤ ሲነሳ «ቀሪ አስተካክል»ን ይጠራል።

ኮምፒዩተሩን ከመንቀላችን በፊት ልጅቷን ጠራናት። ያቺን አንዲት መስመር ስክሪኑ ላይ አሳየናት። ሰዓቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ምሽት 2 ሰዓት?» አለች። «ምሽት 2 ሰዓት» አልናት። ከዚያ ኃላፊው ራሱ መጥቶ፣ በሁሉም ሰው ፊት፣ ይቅርታ ጠየቃት።