ፒንጎራ፦ ከመውረጃው የሚጀምር ዕቅድ

ሰላም ወዳጆቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። ብቻዬን ነው የማወራችሁ፤ ስለ አንድ ከዴንቨር ራቅ ስላለ ተራራ።

ነሐሴ ማብቂያ ላይ ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር ወደ ዋዮሚንግ እንሄዳለን። ዊንድ ሪቨር የሚባል የተራራ ሰንሰለት አለ። እዚያ ውስጥ ሰርክ ኦቭ ዘ ታወርስ የሚሉት ቦታ አለ። የግራናይት ተራሮች ግማሽ ክብ ሠርተው ቆመዋል፤ ከሥራቸው ሎንሰም ሌክ የሚባል ሐይቅ ተኝቷል። ከተራሮቹ አንዱ ፒንጎራ ይባላል። ቁመቱ 3,622 ሜትር ነው። ከራስ ዳሸን በብዙ ያንሳል፤ ግን ራስ ዳሸን በእግር ይወጣል። ፒንጎራ ላይ ገመድ ሳይዙ ወዴትም መሄድ የለም። በየትኛውም ጎኑ ብትመጡ ገደል ነው።

ለእናቴ በስልክ ነገርኳት። አዲስ አበባ ነው ያለችው። ዝም ብላ ሰማችኝና፣ «ደብረ ዳሞ በገመድ የሚወጣው እኮ ለበረከት ነው። አንቺ እዚያ ላይ ምን አለሽ?» አለችኝ። መልሴን አልጠበቀችም። «እሺ፣ ወጣሽ እንበል። ማን ያወርድሻል?»

ይሄን ጥያቄ ከዚያ ቀን ወዲህ ይዤው ነው የምዞረው። እናቴ ገደል ወጥታ አታውቅም። የጠየቀችው ግን ልምድ ያለው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀውን ነው። ሰው ተራራ ሲያልም ጫፉን ነው የሚያልመው። ፎቶውም የጫፍ ፎቶ ነው። ጫፍ ላይ ስትደርሱ ግን ደክማችኋል፣ ውሃችሁ አልቋል፣ ሰዓቱ ሄዷል። ከባዱ ሥራ ገና ይጠብቃችኋል። ስለዚህ እኔና ጓደኛዬ ወረቀት ይዘን ስንቀመጥ መጀመሪያ የጻፍነው መውረጃውን ነው።

ፒንጎራን ሰዎች በብዙ መንገድ ይወጡታል። ሁለቱን ልንገራችሁ። አንደኛው የሰሜን ምሥራቅ ገጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ነው መጀመሪያ የተወጣው። ረጅም ነው፤ ገመዱ ከአሥር ጊዜ በላይ ይዘረጋል። ፎቶውን ያየ ሰው ልቡ ይሄዳል፤ የኔም ሄዷል። ሁለተኛው የደቡብ ትከሻው ነው፤ አጠር ይላል። እ.ኤ.አ. በ1940 ኦሪን ቦኒ ከፍራንክና ከኖትሲ ጋርኒክ ጋር ጫፉን ለመጀመሪያ ጊዜ የረገጡት በዚሁ በኩል ነው። መውረጃውም እሱ ነው። በየትኛውም በኩል ብትወጡ፣ የምትወርዱት በደቡብ ትከሻው ላይ በገመድ እየተንጠለጠላችሁ ነው።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። በደቡቡ በኩል ከወጣን መውረጃችንን እያየነው ነው የምንወጣው። ገመዱ የሚታሰርበትን ቦታ በዓይናችን አይተን፣ በእጃችን ነክተን እናልፋለን። መሀል ላይ ሰማዩ ቢጠቁር መመለሻው እግራችን ሥር ነው። በሰሜን ምሥራቁ በኩል ግን ግማሽ ከሄዳችሁ በኋላ ወደ ኋላ መመለስ በጣም ከባድ ነው። ወደ ላይ መውጣት ይቀላል። እየነጎደ ወደ ላይ መሸሽ ማለት ነው እንግዲህ።

ሌላም አለ። በዚያ አካባቢ ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ ከምዕራብ ነው የሚመጣው። በሰሜን ምሥራቁ ገጽ ላይ ያለ ሰው ፊቱ ወደ ዐለቱ ነው፤ ምዕራቡን ተራራው ራሱ ጋርዶታል። ደመናውን የምታዩት አናታችሁ ላይ ሲደርስ ነው። ይሄን ሳነብ ነው ውሳኔዬ የጸናው። መጀመሪያ ደቡቡን እንወጣለን። ሰሜን ምሥራቁን የምንሞክረው በማግስቱ ሰማዩ ጥርት ካለና ሁለታችንም ጉልበት ካለን ብቻ ነው። ካልሆነ ይቅር። ተራራው የትም አይሄድም።

አሁን ስለ ሰዓት። በዚህ አገር በጋ ተራራ ላይ ጠዋቱ ብራ ነው። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው ቀትር አካባቢ ደመናው ይቆለላል፤ ከሰዓት በኋላ ይነጎዳል። አገር ቤት የክረምትን ከሰዓት የምታውቁ ይገባችኋል። ገደል ላይ ግን ሮጦ የሚገቡበት በረንዳ የለም። ወገባችሁ ላይ የብረት መዓት ተንጠልጥሏል፣ የያዛችሁት ገመድ ርሷል፣ የቆማችሁት ጫፍ ላይ ነው። መብረቅ ደግሞ ጫፍ ይወዳል። ብልጭታውን አይታችሁ ሠላሳ ሳትቆጥሩ ነጎድጓዱ ከተሰማ፣ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር በታች ነው ያለው። በዚያን ሰዓት መሬት ላይ መሆን አለባችሁ።

ስለዚህ አንድ ሕግ ጻፍን። እኩለ ቀን ላይ የትም እንሁን የት፣ ጫፉ አሥር ሜትር ቢቀረውም እንኳ፣ ፊታችንን እናዞራለን። ይሄን ቤት ተቀምጠን፣ ሻይ እየጠጣን ነው የጻፍነው። ምክንያት አለው። ከፍታ ላይ፣ ድካም ላይ፣ ጫፉ እየታየ ያለ ሰው አእምሮ ለጫፉ ጠበቃ ይቆማል። «ትንሽ ነው የቀረው» ይላል። «ደመናው ይበተናል» ይላል። ያን ጊዜ የሚከራከርልን ቀደም ብለን የተፈራረምነው ወረቀት ነው።

ሁለተኛ ሕግም አለን። ከሁለታችን አንዳችን «ደስ አላለኝም» ካልን፣ ለምን ተብሎ ሳይጠየቅ እንመለሳለን። ማስረዳት የለም፣ መለማመጥ የለም፣ በኋላም መኪና ውስጥ ማንሳት የለም። ጓደኛዬ ይሄን ሕግ ያመጣችው እሷ ናት። ከእሷ ጋር ገመድ የምታሰረውም ለዚህ ነው። ገደል በመውጣት ከኛ በጣም የሚበልጡ ጠንካራ ሰዎች አውቃለሁ። ግን «እንመለስ» ስትላቸው ፊታቸው የሚጠቁር ሰዎች ናቸው። ከእነሱ ጋር ሰው ሠራሽ ግድግዳ ያለው የልምምድ አዳራሽ ውስጥ እወጣለሁ፤ ዊንድ ሪቨር አልሄድም።

ቀኑን መቁረጥ ደግሞ ራሱን የቻለ ሥራ ሆነ። እዚያ ቦታ መውጣት የሚቻለው ከሐምሌ አጋማሽ ጀምሮ እስከ መስከረም መግቢያ ድረስ ነው። ከዚያ በፊት በረዶው አይለቅም፣ ከዚያ በኋላም ተመልሶ ይመጣል። ሐምሌ ላይ ትንኙ አያስቀምጥም ይላሉ። ነሐሴ ሲገባ ደግሞ ፍልሰታ ነው። ፍልሰታን እጾማለሁ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የምወደው ጾም ነው። ምግቡ አይደለም ችግሩ። ከሰዓት ድረስ ውሃ ሳይቀምሱ ገደል መውጣት ግን ለኔም ለጓደኛዬም አደጋ ነው፤ ገመዱን የያዝኩላት እኔ ነኛ። ጾሙን ማቋረጥም አልፈለግሁም። ስለዚህ ነሐሴ 16 ከተፈታ በኋላ አደረግነው። ሌሊቱ ቀዝቀዝ ይላል፣ ቀኑም ያጥራል። ትንኙ ግን ይቀንሳል። ሌበር ዴይ ከሚባለው የአሜሪካ የሠራተኞች በዓል በፊት ስለሆነም ሕዝቡ ገና አይበዛም። ለእረፍት ያስፈቀድኩትም በዚሁ ሂሳብ ነው።

ስንቁስ? እዚህ ላይ ደስ ይለኛል። ተራራ የሚወጡ ሰዎች ክብደቱ የቀለለ፣ የማይበላሽ፣ ጉልበት የሚሰጥ ምግብ ፍለጋ ብዙ ገንዘብ ያወጣሉ። እኛ በሶ አለን። ተቆልቶ የተፈጨ ገብስ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በጥብጦ መጠጣት ነው። ምድጃ አይፈልግም፣ ጋዝ አይፈልግም። ገደል ላይ የሚበላው ቆሎና ዳቦ ቆሎ ነው፤ ኪስ ውስጥ ገብቶ በአንድ እጅ የሚበላ ነገር። ጾሙ ስለተፈታ ደግሞ ጭኮ ይቻላል። በሶው በቅቤ ታሽቶ፣ ቅመም ገብቶበት፣ ለቀናት ሳይበላሽ የሚቆይ። እንደኔ እንደኔ ለዚህ ሥራ ከጭኮ የሚበልጥ የለም። አንድ ነገር ብቻ አለ፦ አገሩ ድብ አለበት። የቅቤ ሽታ ደግሞ ሩቅ ይሄዳል። ምግቡ በሙሉ ድብ ሊከፍተው በማይችል ጠንካራ ጣሳ ውስጥ ይገባል፤ ጣሳው ከድንኳኑ ርቆ ያድራል። ጥርስ ሳሙናውም ሳይቀር።

መንገዱን ባጭሩ ልንገራችሁ። ከዴንቨር በላራሚና በሮሊንስ በኩል ስድስት ሰባት ሰዓት ያህል ይነዳል፤ መጨረሻው ረጅም ኮረኮንች ነው። ቢግ ሳንዲ የሚባለው የእግር መንገዱ መነሻ 2,770 ሜትር አካባቢ ላይ ነው፤ ከአዲስ አበባ ይበልጣል። ከዚያ እስከ ቢግ ሳንዲ ሐይቅ ወደ 9 ኪሎ ሜትር ሜዳ ነው ማለት ይቻላል። ቀጥሎ ጃካስ ፓስ የሚባለው በር አለ፤ በከፍታ ከእንጦጦ ብዙም አይርቅም። ሸክም ይዞ እሱን መሻገር ነው ፈተናው። ገመዱ ብቻ፣ 60 ሜትር፣ አራት ኪሎ ይጠጋል። የዐለት ስንጥቅ ውስጥ የሚሰኩት ብረቶች፣ ካሙና ነቱ፣ የገመድ ማያያዣው ቀለበት ካራቢነሩ፣ ሄልሜቱ፣ ድንኳኑ ይጨመርበታል። ከሎንሰም ሌክ ዳር በ400 ሜትር ክልል ውስጥ ድንኳን መትከል ክልክል ነው። ሰው በዝቶ ቦታው ስለተጎዳ ነው፤ ልክ ነው እላለሁ።

ባለፉት ሳምንታት ልምምዳችን መውረድ ሆኗል። ኤልዶራዶ ካንየን እንሄዳለን፣ ኤስቴስ ፓርክ አጠገብ ያለው ላምፒ ሪጅ እንሄዳለን። ወጥተን እንወርዳለን፤ በገመድ መውረዱን እየደጋገምን። በመውረድ ላይ ሰው የሚሞትበት አንዱ ምክንያት በጣም ቀላል ነው። የገመዱ ጫፍ ሳይቋጠር ይቀርና ገመዱ አልቆበት ሰውዬው ከጫፉ አምልጦ ይወድቃል። ሁለቱም ጫፍ ላይ ወፍራም ቋጠሮ ብታስሩ ቋጠሮው ይይዛችኋል። ሠላሳ ሰከንድ የማይፈጅ ነገር ነው። እኛ አንዳችን ስንቋጥር ሌላችን በእጅ ነክተን እናረጋግጣለን፤ ማየት ብቻ አይበቃም። ከቋጠሮው ሌላ ፕሩሲክ አለ። ቀጭን ገመድ ነው፤ በዋናው ገመድ ላይ ተጠምጥሞ እጃችሁ ቢለቅ ነክሶ ያቆማችኋል። ድንጋይ መትቶኝ ራሴን ብስት እንኳ እዚያው ተንጠልጥዬ እቀራለሁ ማለት ነው።

ቤት ውስጥ ደግሞ ገመዱን በእጄ እዳስሰዋለሁ። ምንጣፍ ላይ ተቀምጬ ከአንዱ ጫፍ እጀምርና በሁለት ጣቶቼ መሀል ቀስ እያልኩ አሳልፈዋለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ ነው። ጤነኛ ገመድ ከዳር እስከ ዳር ውፍረቱ እኩል ነው። አንድ ቦታ ላይ ልፍስፍስ ካለ፣ ወይም በጣት ሲያጥፉት ያለ ልክ ከታጠፈ፣ ውስጡ ተጎድቷል። እንዲህ ያለ ቦታ ከተገኘ ገመዱ አይሄድም፤ ዋጋው ስንትም ይሁን።

ስለ እህቴ ሳልነግራችሁ ብጨርስ ቅር ይለኛል። እዚሁ ዴንቨር አጠገብ፣ አውሮራ ነው የምትኖረው። እኛ ከቀረን ለሰው የምትጮኸው እሷ ናት። እዚያ ስልክ አይሠራም፤ ጋርሚን ኢንሪች ይዘናል፣ በሳተላይት አጭር መልእክት የሚልክ። ከአይፎን 14 ወዲህ ያሉ ስልኮችም ለድንገተኛ በሳተላይት ይልካሉ። ግን መሣሪያ ይወድቃል፣ ባትሪ ይሞታል፣ ገደል ሥር ሰማዩ ይሸፈናል። ስለዚህ ለእህቴ በወረቀት ጻፍኩላት። የመኪናው ታርጋ፣ የድንኳናችን ቀለም፣ የምንወጣበት መንገድ፣ «እስከዚህ ሰዓት ካልደወልኩ ደውዪ» የሚል። ሰዓቱን መጀመሪያ «ማታ 3 ሰዓት» ብዬ ነበር። ቆም ብዬ አሰብኩት። እኔና እሷ በሐበሻ ሰዓት ነው የምናወራው፤ እሷ ግን የምትነግረው ለፈረንጅ ነው። በድንጋጤ መሀል ስድስት ሰዓት ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ «የፈረንጅ 9 ሰዓት ማታ፣ የእኛ 3 ሰዓት» ብዬ ሁለቱንም ጻፍኩ፤ ከቀኑ ጋር።

የሚደወልበት ቦታም ሁለት ነው። መኪናችን የሚቆመው ሰብሌት ካውንቲ ነው፤ ዋና ከተማው ፓይንዴል። ጃካስ ፓስን ስንሻገር ግን ፍሪሞንት ካውንቲ ገባን፤ የእሱ ላንደር ነው። የፍለጋና የነፍስ አድን ሥራ በሸሪፉ፣ ማለትም በካውንቲው የፖሊስ ሹም በኩል ስለሆነ የሁለቱንም ስልክ ሰጥቻታለሁ። አንብባ ስትጨርስ አጠፈችውና የፍሪጁ በር ላይ በማግኔት ለጠፈችው። «ልጆቹ እንዳይነኩት» ብላ ከፍ አድርጋ።

እናቴን መልሼ ደውዬላታለሁ። ማን ያወርድሻል ላለችኝ፣ በየትኛው በኩል እንደምንወርድ፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደምንመለስ፣ ቋጠሮውን ማን እንደሚያረጋግጥ አንድ በአንድ ነገርኳት። ረጅም ሰዓት ወሰደ። ግማሹ የገባት አይመስለኝም። ስጨርስ፣ «እንግዲህ አስበሽበታል። ጭኮውን ግን ቅቤ አትቆጥቢበት» አለችኝ።

የቀረን ትንሽ ነው። በሶው ተፈጭቷል። የግንባር ባትሪዎቹ ተለዋጭ ድንጋይ ይፈልጋሉ። ለሁለት ቀን የሚሆን ትርፍ ምግብ ጨምረናል፤ ዝናብ ድንኳን ውስጥ ካስቀመጠን ተቀምጠን እንጠብቃለን። የአየሩን ትንበያ ከመነሳታችን በፊት ባለው ምሽት እናያለን፤ መጥፎ ከሆነ ጉዞው ለሳምንት ይገፋል። በሚቀጥለው ክፍል ወጣንም አልወጣንም እንዴት እንደነበር እነግራችኋለሁ። ዴንቨር አካባቢ ሆናችሁ መሞከር የምትፈልጉ ካላችሁ ጻፉልኝ። አዳራሽ ውስጥ እንጀምራለን። ትርፍ ሄልሜት አለኝ። ቸር ሰንብቱ።